የዘጠኝ ሰዓት ዱባይ

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ፣ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ከአገር የሚወጡ የእኔ ቢጤ እናቶችና አባቶች በዝተዋል። አብዛኞቻችን መንገድ ላይ አንድ ከተማ አርፈን አውሮፕላን እንቀይራለን። እዚያ የምንጠብቀውን ሰዓት የምንቆጥረው እንደ ባከነ ጊዜ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ትልቋ ልጄ ስዊድን አገር ስትወልድ ላርሳት ስሄድ፣ ዱባይ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ትንሿ ልጄ እዚያው ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ከተለያየን ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። አሠሪዎቿን አስፈቅዳ አየር ማረፊያው ድረስ መጣች። እኔ ግን ቪዛ ስላልያዝኩ መውጣት አልቻልኩም፤ እሷም ወደ ውስጥ መግባት አትችልም። እናትና ልጅ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነን፣ ግድግዳ ለይቶን በስልክ አወራን። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ አለቀስኩ። ያናደደኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቀድሜ አለመጠየቄ ነው።

ዘንድሮ ጥር ላይ ለሁለተኛው ልጅ ስሄድ ነገሩን ከሥሩ ያዝነው። ለ48 ወይም ለ96 ሰዓት የሚሰጠው የመሸጋገሪያ ቪዛ እዚያ ደርሰው የሚጠይቁት አይደለም፤ ከጉዞው በፊት በአገሩ አየር መንገዶች በኩል ይመለከቱለታል። ትልቋ ልጄ ቲኬቱን ስትቆርጥ አብራ አመለከተችልኝ፤ ተፈቀደ። ሻንጣዬ ዱባይ ሳይወርድ በቀጥታ ስቶክሆልም እንዲደርስ ቦሌ ላይ ደጋግሜ አረጋገጥኩ። በእጄ የቀረው መድኃኒቴ፣ ሹራቤ፣ የልጆቼን ስልክ ቁጥር የጻፍኩበት ወረቀት፣ ለሕፃኑ የያዝኩት ቫዝሊንና አንድ ድፎ ዳቦ ነበር።

የነበረኝ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለመውጫ አንድ ሰዓት፣ ቀድሞ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ አምስት ሰዓት ይቀራል። ልጄ ከበሩ ውጪ ቆማ ስታየኝ መሮጥ ጀመረች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል።

«እማዬ፣ ቡርጅ ኸሊፋን ላሳይሽ» አለችኝ። 828 ሜትር ወደ ላይ የወጣ ሕንፃ ነው። «ጉልበቴም ሰዓቱም የሚበቃው ለአንድ ቦታ ነው፤ ቁጭ ብዬ አንቺን የማይበት ውሰጂኝ» አልኳት። የባቡር ጣቢያው እዚያው ተርሚናል 3 ላይ ነው። ሹፌር የሌለው ባቡር መሆኑን ስትነግረኝ አማትቤ ገባሁ። ዩኒየን በሚባል ጣቢያ ቀይረን አል ራስ ላይ ወረድን።

ዴይራ የሚሉት የድሮው ሰፈር ነው። ቀረፋው፣ ሄሉ፣ ቅርንፉዱ፣ እርዱ በየጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ ዓይኔን ብጨፍን መርካቶ በርበሬ በረንዳ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ እልፍ ሲሉ ክሪክ የሚባለው ውኃ ይመጣል። ከባሕሩ ወደ ከተማው ውስጥ የገባ የውኃ ክንድ ሲሆን፣ ዴይራን ከቡር ዱባይ ይለያል። ዳርቻው ላይ የእንጨት መርከቦች ተደርድረው ማቀዝቀዣና ጎማ ይጭናሉ። ሰው ከዳር እስከ ዳር የሚሻገረው አብራ በሚባል የእንጨት ጀልባ ነው፤ ዋጋው አንድ ድርሃም።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ጣናን ባሕር ስንል ኖረናል፤ እውነተኛውን ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጀልባው ሲነሳ ጎንበስ ብዬ ጣቴን ነከርኩና ቀመስኩት። ጨው!

«እማዬ፣ ቆሻሻ እኮ ነው!» ብላ እጄን ለቀም አደረገች። መዳፏ ሻከረኝ። ገልብጬ አየሁት። ጣቶቿ ሁሉ ተሰነጣጥቀዋል፤ አንዳንዱ ቦታ ደም ይታያል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በረኪና ነው። ጓንት ሳደርግ ይሻለኛል።»

በየሳምንቱ በቪዲዮ እንነጋገራለን። ፊቷን ሁልጊዜ አያለሁ፤ ስቃ፣ ሻሿን አሳምራ። ስልክ ፊት እንጂ እጅ አያሳይም። ለሕፃኑ የያዝኩትን ቫዝሊን አውጥቼ እዚያው ጀልባ ላይ ጣት በጣት ቀባኋት። ሳይከፈቱ የሚሄዱ የሕፃን ዕቃዎች ናቸው ብላ ልትከለክለኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ይከብደኛል። አምና ኮንትራቷ ሲያልቅ «ልምጣ?» ብላኝ ነበር። በምትልክልን ገንዘብ ቤት ጀምረን ነበርና «ቤቱ እስኪያልቅ ትንሽ ታገሺ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

ማዶ ተሻግረን አል ፋሂዲ የሚባለው ሰፈር ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ቤቶቹ አናታቸው ላይ ነፋስ የሚይዙ ማማዎች አሏቸው፤ መብራት ሳይመጣ በፊት ሰዉ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው በእነሱ ነበር። ድፎ ዳቦውን ፈታሁት። የመጀመሪያውን ቁራሽ አሸተተችው እንጂ ወዲያው አልበላችውም።

«ቤቱ ይቆይ» አልኳት። «ኮንትራትሽ ሲያልቅ ነይ።»

ዝም አለች። ከዚያ ሌላ ቁራሽ ቆረሰችና «የቀረኝ ስምንት ወር ነው» አለች። ስምንት ወሩን በልቧ ስትቆጥረው የኖረች መሆኗ ያን ጊዜ ገባኝ።

አንድ ዙር ደግመን በጀልባ ልንመላለስ ተነሳን። የእጅ ሰዓቴን አየሁት፤ ስድስት ሰዓት ነው፤ ገና አንድ ሰዓት አለን። ልጄ ስልኳን አይታ ደነገጠች። እኔ ለካ የእጄን ሰዓት አልቀየርኩትም! ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቲኬቱ ላይ ያለው 16፡10 የዱባይ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ከአሥር ብዬ የፈረንጁን ሰዓት በትክክል ብመልሰውም፣ የማስተያየው ከቦሌ ሰዓት ጋር ነበር። ጀልባው ቀርቶ በታክሲ ተመለስን፤ ደረስን። ያቺን አንድ ሰዓት ግን እስካሁን እቆጫታለሁ።

እንደ እኔ የምትጓዙ ወላጆች፣ ቪዛውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰዓታችሁን አውሮፕላኑ እንዳረፈ አስተካክሉ፤ ከተማ ሙሉ ለማየት አትሩጡ፤ አንድ ቦታ ይበቃል። መራመድ የሚያደክማችሁ ቲኬት ስትቆርጡ ተሽከርካሪ ወንበር አስመዝግቡ፤ አያሳፍርም። እዚያ ከተማ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ከሕንፃው በፊት እጇን እዩ።

ስንለያይ ከበሩ ላይ «ታገሺ» ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሳመችኝ፣ የተረፈውን ዳቦ ይዛ ሄደች።

ቤታችን አላለቀም። ሳሎኑ ገና ብሎኬት ነው። አንዷን ክፍል ብቻ አስለስነን፣ በርና መስኮት አስገጥመንላት መስከረምን እየጠበቅን ነው።