ባቲ፣ የሙቀት ቁልቁለት

ጣርማ በር ላይ ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆልፌ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፈናል፤ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ የሚኒባሱ መስታወት በእኛው ትንፋሽ አልቦታል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ገብተን በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ምድሩ ድንገት ቁልቁል ተዘረገፈ! ደብረ ሲና ላይ ዚፑን ከፈትኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬቱ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ሙቅ አየር ፊቴን ይዳብሰኛል፤ ከመንገዱ ዳር ማንጎና ፓፓያ ተከምሯል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚባለውን ትምህርት ቤት በቃሌ ሸምድጄዋለሁ፤ በቆዳዬ የተማርኩት ግን ያን ዕለት ነው። ቁልቁል 1,000 ሜትር በተወረደ ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። አንድ ረፋድ ሳይሞላ ከብርድ ወደ ሙቀት ተንሸራተትኩ፤ በመንገዱም የትኛውም ቦታ ላይ "እዚህ ይስማማኛል" ብሎ መውረድ ይቻል ነበር።

እንዲህ የገረመኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፤ በጥር ወር ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት ከተማ። እዚያ ልጄ እባብ ታሳድጋለች። ሳንድ ቦአ ይሉታል፤ ከክንድ ብዙም አይረዝምም፤ ወፈር ያለ፣ ብርቱካንማና ቡናማ ዝንጉርጉር፣ መርዝ የሌለው ነው። አሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ዓይኑን ብቻ ብቅ አድርጎ ይጠብቃል። ይኸኛው አሜሪካ ውስጥ በሰው ቤት ቢወለድም የዘሩ አገር የእኛው አካባቢ ደረቅ ቆላ ነው፤ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ኢትዮጵያ። የቤታችን ሐሳብ ሁሉ ሙቀቱ ላይ ነው። እባብ እንደ እኛ ሙቀቱን ከውስጡ አያመነጭም፤ ከአካባቢው ይወስዳል። ሲበርደው የዋጠው አይፈጭለትም፤ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስበታል ወይም ይተፋዋል። ሲበዛበት ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ በመስታወት ሳጥኑ በአንደኛው ጫፍ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ንጣፍ አለ፤ ሙቀቱን የሚገድብ ቴርሞስታት አለ፤ በየጫፉ ቴርሞሜትር አለ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ የምታየው ቁጥሩን ነው። ወደ አንድ ነገር አነጣጥረው ሲጫኑት የገጹን ሙቀት የሚያሳየውን ትንሽ ቴርሞሜትር ኪሴ ውስጥ የከተተችውም እሷ ናት። "አባዬ፣ አገሩን ለካልኝ" ነው ያለችኝ።

ወደ ጉዞው ልመለስ፤ ከሸዋ ሮቢት በኋላ የሰንበቴን ከተማ ያገኘናት በእሑድ ገበያዋ ላይ ነው፤ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ። ከሚሴ አደርን። በማለዳ የጨፋን ሜዳ በግራና በቀኝ እያየን ተጓዝን፤ በበጋ የአፋር ከብት ሳርና ውኃ ፍለጋ የሚወጣበት፣ ቦርከና የሚያጠጣው አረንጓዴ ሜዳ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጠፍን፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራውን ተጠማዝዘን፣ ወጥተን፣ ወርደን ባቲ ገባን።

ባቲን የማውቃት በዜማ ነበር። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል፤ በልጅነቴ በራዲዮ የሰማሁት ሁሉ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚያባባ ነበርና ከተማዋንም ጥላማ አድርጌ ስዬያት ኖሬያለሁ። የሰኞ ገበያዋ ግን ፀሐይ ራሷ ናት! አቧራ፣ ጩኸት፣ የቅቤ ሽታ፣ ጊሌ የሚባለውን ጩቤውን ወገቡ ላይ የታጠቀ የአፋር ጎልማሳ፣ ባለ ዶቃ የኦሮሞ ሴቶች፣ እህል የጫኑ አህዮች፣ በየአቅጣጫው "መርሀባ" የሚል ድምፅ። ከተማዋ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በደጋውና በአፋር ሜዳ መሀል ባለው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚወጣው የሚገናኙት እዚህ ነው፤ ከበረሃው ሳይዘልቅ፣ ከብርዱም ሳይገባ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚኖረው በአንድ ቁጥር ነው፤ የግድግዳው ቴርሞስታት 21 ዲግሪ ላይ ይደረጋል፣ በሩ ይዘጋል። እዚህ ሰው፣ እንስሳ፣ ዕቃ ሁሉ ቦታውን በየሰዓቱ ይቀያይራል።

ግመል ተራ ስደርስ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ግመሎቹ ተንበርክከው ሁሉም በአንድ ወገን ይመለከታሉ። አጠገባቸው ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙትን አዛውንት ነጋዴ፣ "አባባ፣ ለምንድን ነው ሁሉም ወደ ፀሐይ የዞሩት?" አልኳቸው።

"ጎኑን ቢሰጣት ታነደዋለች" አሉ። "ግንባሩን ሲሰጣት ጠባብ ነው፤ ምኑን ታገኛለች? ደግሞ ደረቱን እየው ልጄ። አጥንቱ ደግፎ ያነሳዋል፤ ከሥሩ ንፋስ ያልፋል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እውነትም ከደረቱ ሥር ጠንካራ ሰኮና መሳይ ትራስ አለ፤ ሆዱ መሬት አይነካም። የኖርዌይ ተወላጁ ሳይንቲስት ክኑት ሽሚት ኒልሰን፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ ሰሃራ ውስጥ ግመሎችን አጥንቶ የጻፈውን አስታወስኩ። የተጠማ ግመል የሰውነቱ ሙቀት ንጋት ላይ ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ከ40 ያልፋል። ላብ አውጥቶ ውኃውን ከማባከን የቀኑን ሙቀት ያጠራቅማል፤ ሌሊት ለቀዝቃዛው አየር ይመልሰዋል። ሽሚት ኒልሰን ጸጉሩን የላጨው ግመል ካልተላጨው በግማሽ ያህል የበለጠ ውኃ አጥቷል፤ ያ ወፍራም ጸጉር ጃንጥላው ነው ማለት ነው። አዛውንቱ ደግሞ የራሳቸውን ትምህርት በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨርሰውት ቆመዋል።

ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ጥላ ያለበት ቡና ቤት ገባሁ። ቡናውን የምታፈላው ወጣት ሲኒውን ዘርግታ "ጀባ!" አለችኝ። ስለ እባብ ስጠይቃት ደነገጠች።

"አዑዙ ቢላህ! ቤትዎ ያሳድጋሉ?"

የምታሳድገው ልጄ እንደሆነች፣ እባቡ መርዝ እንደሌለው፣ ሳጥን ውስጥ እንደሚኖር ነገርኳት። ፎቶውን አሳየኋት። ቀስ እያለች ፍርሃቷ ወደ ጉጉት ተለወጠና የምታውቀውን ታካፍለኝ ጀመር። "ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ድንጋይ ላይ ነው የሚሰጣው። እንጨት ለቀማ ስንሄድ የምንጠነቀቀው ያኔ ነው። አሁን ቢፈልጉት የለም፤ ካብ ሥር ገብቷል፣ ኩይሳ ውስጥ ገብቷል። ሲመሽ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ይወጣል፤ መኪና ስንቱን ጨፍልቆታል!"

ቡናዬን ጨልጬ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የድንጋይ ካብ ሮጥኩ። ቴርሞሜትሩን ፀሐይ የመታው ጥቁር ድንጋይ ላይ አነጣጠርኩ፤ ከ50 በላይ! አንድ ክንድ ሳልርቅ፣ በካቡ ጥላ በኩል፣ ከ30 በታች። ልጆች ከበቡኝ፤ እያንዳንዱ ግንባሩን አስለካ። ከመካከላቸው አንዱን ትንሽ ጉድጓድ እንዲጭርልኝ ለመንኩት። ላዩ የሚፋጅ አፈር ነው፤ ጣት የማይሞላ ጥልቀት ላይ ቁጥሩ ወረደ፤ አንድ ስንዝር ሲደርስ እጃችንን ከተን ሁላችንም "ኧረ ቀዝቃዛ ነው!" ብለን ጮህን። ልቤ የዘለለው ያኔ ነው። የፀሐይ ሙቀት ከላይ ነው የሚመጣው። ቀን ላይ ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ እስከ ክርን ቢዘለቅ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ሊጠፋ ምንም አይቀረው። አሸዋ ውስጥ የሚቀበር እባብ ሲሞቀው ወደ ታች የሚሸሸው ለዚህ ነው፤ ደመ ነፍሱ የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ነው። ከሥር የሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ግን ታች ማለት ወደ እሳቱ መቅረብ ነው!

አመሻሽ ላይ ልጄ ጋ ደወልኩ። እዚያ ጠዋት ነው፤ የመጋቢት ዕረፍት ላይ ናት። እየተቀባበልን ሳጥኑን እንደ አዲስ ሠራነው። ንጣፉን ብዙ ሰው በደህና ይጠቀምበታል፤ ከወለሉ ሲሶ ካልበለጠና የቴርሞስታቱ መለኪያ ጫፍ የእባቡ ሆድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሆነ። ያለ ቴርሞስታት ሲቀር ግን ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እባብ ደግሞ ሆዱ እየተቃጠለም እንኳ ከትኩሱ ገጽ ላይነሳ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ጭራሽ አናስገባም፤ የባቲ ድንጋይ ፀሐይ ሲዞር ይበርዳል፣ ያኛው ሶኬት ላይ እስካለ እንደጋለ ነው። ለእኛ ቀባሪ እባብ ሙቀቱን ከላይ እናወርድለታለን፤ መብራቱ በአንደኛው ጫፍ፣ እንዳይነካው በሽቦ ፍርግርግ የተከለለ፣ እሱም በቴርሞስታት የተገደበ፣ ማታ የሚጠፋ። አሸዋው ጠለቅ ይላል። ሞቃቱ ጫፍ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27።

"መደበቂያስ?" አለች።

"በሁለቱም ጫፍ" አልኳት፤ ካቡን እያየሁ። "ለመደበቅ ብሎ መቃጠል፣ ለመቀዝቀዝ ብሎ መጋለጥ የለበትም። እዚህ ጥላውም ጉድጓዱም በየክንዱ ነው።"

"አስፋልቱንስ? ልጅቷ ያለችህን አስፋልት ለካኸው?"

አልለካሁትም ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ፤ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ነው፤ ከባድ መኪኖች እየተከታተሉ ያልፋሉ። ፀሐይ ገብታለች፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ሸሚዜ ብቻ በቂ ነው። ሁለት መኪና አሳልፌ ከዳር ቆሜ ቴርሞሜትሩን ጥቁሩ አስፋልት ላይ አነጣጠርኩት።

"34!" ብዬ ጮህኩ።

"አባዬ! የእኛ ሞቃት ጫፍ እኮ ነው!" ስልኩ በጩኸቷ ተንቀጠቀጠ። "ነገ ወደ ሚሌ ስትወርድ እዚያም ለካልኝ፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ከድንጋዩ ሥርም እንዳትረሳ፤ በዱላ ገልብጠው እንጂ እጅህን እንዳትከት!"