የጠፉት አህዮች

ሁለት አህዮች ጠፍተውብኛል።

«ቤት ተከራይታ የምትኖር የከተማ ጸሐፊ ከመቼ ወዲህ ነው ባለአህያ የሆነችው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የእኔ አህዮች ገለባ አይበሉም፤ ዱላም አያውቁም። ከግራጫ ሱፍ የተሰፉ፣ ሆዳቸው በጥጥ የተሞላ፣ ቁመታቸው ከአንድ ክንድ ያነሰ የጨርቅ አህዮች ናቸው። ጀርባቸው ላይ ዚፕ ያለው ኪስ አላቸው፤ ማንገቻም አላቸው። ልጆች ዳቧቸውንና እርሳሳቸውን ይከቱባቸውና እንደ ቦርሳ ያዝሏቸዋል። አህያ ሰውን ያገለገለችበት ዘመን ውለታ ይከፈል የተባለ ይመስል፣ እዚህ ላይ ሰው ነው አህያ የሚሸከመው።

ሳኦል የአባቱን የጠፉ አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ ንግሥና ይዞ ተመለሰ። እኔ ፍለጋ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ንግሥናውም አልመጣ፣ አህዮቹም አልተገኙ። የምፈልጋቸው ግን ለቀልድ አይደለምና ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቁርጥራጭ ነው። በሰፈራችን ማዕዘን ላይ ሱፍ ልብስ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ። የሠርግ ወራት ሲደርስ የሙሽራውንና የሚዜዎቹን ልብስ ሲቆርጡ፣ ከእግራቸው ሥር የሚከማቸውን ቁርጥራጭ በከረጢት አጭቀው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣሉ። አንድ ቀን ቀሚስ ላሳጥር ሄጄ ከከረጢቱ አፍ ብቅ ያለ ሹል ግራጫ ጨርቅ አየሁና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የአህያ ጆሮ ይመስላል» አልኳቸው። «እንግዲያው ሙሉ አህያዋን ውሰጃት!» ብለው ከረጢቱን አሸከሙኝ።

በዚያ ሰሞን የጻፍኩት ወጥቶ ክፍያው ያልወጣልኝ ጊዜ ነበር። በትርፍ ጊዜ ሳይሆን በሙሉ ጊዜ የምጽፍ፣ ግን የማንም ተቀጣሪ ያልሆንኩ ሰው ነኝ። የጽሑፍ ዋጋ ወር ይጠብቃል፤ የቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። አክስቴ የተወችልኝ በእጅ የሚዞር ሲንጀር ከአልጋዬ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የጎረቤቴ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ በየማታው ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ «ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። ሰው በችግርና በወዳጅ መሐል ሲያዝ አህያ መስፋቱ አይቀርም።

አህያ በካርቶን ላይ መሳል ቀላል ነው። አስቸጋሪው ጠፍጣፋውን ጨርቅ ሥጋ ማልበሱ ነው። የመጀመሪያዋን ሁለት ጎን ብቻ አድርጌ ሰፋኋትና እንደ ብስኩት ጠፍጣፋ ሆና ቀረች። ለካስ ከሆዷ ሥር፣ በአራቱ እግሮች መካከል የሚገባ ሌላ ቁራጭ ያስፈልጋታል፤ ያ ቁራጭ ነው እንስሳን የሚያቆመው። በሁለተኛዋ ጨርቁ ፊትና ጀርባ እንዳለው ረስቼ ሁለቱንም ጎን በአንድ አቅጣጫ ቆረጥኳቸው፤ አንዱ ጎኗ ግልብጥ ሆነ። ቀስ በቀስ ገባኝ። ለስፌት የሚሆን አንድ ሳንቲ ሜትር በዙሪያው ይተዋል። ተገልብጦ ይሰፋል። ጆሮዎቹ በመጀመሪያ ወደ ውስጥ ታጥፈው ይሰፋሉ። አራት ጣት የሚያህል ቀዳዳ ይተዋል። ክብ የሆነው ቦታ ሁሉ ከስፌቱ ሳይደርስ በመቀስ ጫፍ ጫፉን ይበጣል፤ አለበለዚያ አንገቷ ይጨማደዳል። ከዚያ ይገለበጥና ጥጡ በእርሳስ ጀርባ ከአፍንጫዋ ጀምሮ ይጠቀጠቃል። ሆዷን አስቀድሞ የሞላ ሰው አፍንጫዋ ጋ አይደርስም።

ዓይን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ እጃችሁ ላይ ያለው የተሞላ ጨርቅ ነው፤ ዓይን ሲገባላት ግን ታያችኋለች። ወደ ግንባሯ ከፍ ካደረጋችሁት አሮጊት ትሆናለች፤ ዝቅና ራቅ ካደረጋችሁት ሕፃን ትሆናለች። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 የጻፈው ይኸንኑ ነው፤ ሰፊ ግንባርና ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ትልቅ ዓይን ስናይ የሕፃን ፊት ያየን ያህል አንጀታችን ይንሰፈሰፋል።

ጋዜጠኛ ነኝና ሙያውን ስጀምር ታሪኩንም አነበብኩ። ማርጋሬቴ ሽታይፍ የምትባል በ1847 የተወለደች ጀርመናዊት ነበረች። ገና በሕፃንነቷ ፖሊዮ እግሮቿን አልምሾ ቀኝ እጇንም ጎድቶት፣ ዕድሜዋን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ስትሰፋ ኖራለች። በ1880 ከአንድ የፋሽን መጽሔት ላይ ባገኘችው ልክ ትንንሽ ዝሆኖችን ሠራች። ዝሆኖቹ የታሰቡት ለመርፌ መሰኪያ ነበር። ልጆች ግን መርፌውን ትተው ዝሆኑን ወሰዱት። በ1902 የወንድሟ ልጅ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ነደፈ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥም በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ቅጽል ስም የተጠራ የጨርቅ ድብ ተወለደ። የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ድቦች ዓይን ምን ነበር መሰላችሁ? የቡትስ ጫማ ቁልፍ! ጥቁር፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ።

እኔም ቀናሁ። መርካቶ ወርጄ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ በደርዘን ገዛሁ። የመጀመሪያዋን ቆማ የምትሄድ አህያ ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠኋት። ልጅቷ ጀርባዋን አገላብጣ አየችና «ጭነቷስ?» አለችኝ። እሷ የምታውቃት አህያ ሁሉ ጭነት አላት። ኪሱና ማንገቻው የመጣው በዚህች ጥያቄ ነው። ገበሩን ከቢጫ ፖፕሊን ሠራሁት፤ አህያዋም ቦርሳ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሮጠ። በአምስት ወር ውስጥ ሃያ ሦስት አህዮች ሰፋሁ። ዘጠኙን የማውቃቸው ሰዎች ወሰዱ፤ ስምንቱን የአንዲት ጓደኛዬ ሱቅ ሸጠልኝ፤ አምስቱን በገና ሰሞን ባዛር ላይ ሸጥኩ። እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ጋዜጠኝነት ተማርኩ ብለሽኝ አልነበር?» ስትለኝ ብከፋም፣ የወሩን ኪራይ ከአህዮቹ ከፍዬ ነበርና መልስ አላጣሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ቡና ተፈልቷል። የጎረቤቴ ትንሹ ልጅ፣ የአሥር ወሩ፣ ሰሌኑ ላይ ይድሃል። የእኅቱ አህያ እፊቱ ተጋድማለች። እናቱ ስኒ ልታጥብ ዞር አለች። እኔ ቆሎ እየቆረጠምኩ ስለ አህዮቼ ወሬ ላይ ነኝ። ልጁ አላለቀሰም፤ አላሳለም። ክፋቱም ይኸው ነበር፤ ድምፅ የለም። ቀና ስል አፉ ተከፍቷል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ከበርጩማቸው እንዴት እንደተነሱ አላየሁም። ልጁን በደረቱ ክንዳቸው ላይ አስተኝተው፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ በመዳፋቸው ትከሻና ትከሻው መካከል መቱት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው ጥቁር ነገር ሰሌኑ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ልጁ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

የወደቀው ቁልፍ የአህያዬ ግራ ዓይን ነበር።

እናቱ ልጁን አቅፋ እየተንቀጠቀጠች «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትቼው ዞሬ» አለች። ሰው ሁሉ አጽናናት፤ «ልጅ መልአክ ይጠብቀዋል» ተባለ። እኔም አብሬ አጽናናኋት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ እሷ ስትሸከመው ዝም ብዬ አየሁ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ዝምታ ነው። ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ በማለዳ በሯን አንኳኳሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዓይኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ቡና አቀረበችልኝ እንጂ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ያን ዕለት ቀሪዎቹን ቁልፎች መረመርኩ። የላስቲኩ ቀዳዳ ጠርዝ ሸካራ ነበር፤ አህያዋ በተጎተተች ቁጥር ክሩን እንደ መጋዝ ይሞርደዋል። የልጅ ምራቅና ድድ ሲጨመርበት የሚቆም ክር የለም። አሜሪካኖች ከ1980 ጀምሮ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በተሠራ መጫወቻ ላይ የሚላቀቅ ትንሽ ነገር እንዳይኖር በሕግ ከልክለዋል። መለኪያቸው ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ ሙሉ በሙሉ የገባበት ነገር ለሕፃን አይሰጥም። የእኛ የአንድ ብር ሳንቲም በቀላሉ ይገባበታል፤ የእኔማ ቁልፍ ሦስቱ ቢደራረብም ቦታ ይተርፈዋል። ሲሊንደሩ የሌለው ሰው የሶፍት ጥቅል መሐል ያለውን ካርቶን ይጠቀም፤ እሱ ትንሽ ይሰፋልና በእሱ ያለፈ ነገር አጠራጣሪ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከመስፋቴ በፊት ማንበብ እችል ነበር። እኔ ያነበብኩት የሚያምረውን ታሪክ ነው። «አህያዋ ለአራት ዓመት ልጅ ናት» ብዬም ራሴን አሳምኜ ነበር። ነገር ግን አሻንጉሊት ወደ አንድ ልጅ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ቤት ነው የሚሄደው። ቤት ውስጥ ደግሞ ታናሽ አለ፣ እንግዳ አለ፣ የሚድህ የጎረቤት ልጅ አለ።

በጋዜጣ ሙያ ስሕተት ሲታተም «እርማት» የሚባል ነገር ይወጣል። ብዙ ጊዜ በውስጥ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል ነው፤ ስሕተቱን ያነበበ ሰው እርማቱን ያንብበው አያንብበው የሚጠይቅ የለም። አህያ ግን እንዲህ አይታረምም። መቀስ፣ መርፌና ጥቁር ክር በቦርሳዬ ይዤ ቤት ለቤት ወጣሁ።

ዘጠኙን በአንድ ሳምንት አዳረስኩ። የሱቋ ባለቤት የደንበኞቿን ስልክ መመዝገብ ልማዷ በመሆኑ ስምንቱንም አገኘኋቸው። «ገንዘቤን ትመልሺያለሽ?» ያሉኝ ነበሩ፤ መለስኩ። «አይ አንቺ፣ የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይበላም» ብለው የሳቁብኝም ነበሩ፤ ለእነሱ የልጁን ፊት ቀለም ነገርኳቸው።

ከሁሉ የማልረሳው የአንዲት አምስት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ነው። መቀሱን ስታይ አህያዋን ከጀርባዋ ደበቀችና «ልታሳውሪያት ነው?» አለችኝ። ምን ይመለሳል? ተንበርክኬ ቀረሁ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቁልፉን ሳልነካ፣ ከጎኑ በጥቁር ክር አዲስ ዓይን ጠለፍኩ፤ ክቡን ሞልቼ፣ ጠርዙ ላይ እንደ ብርሃን ነጠብጣብ ነጭ ክር ጨመርኩበት። በሁለተኛውም ጎን እንዲሁ። አህያዋ ለጥቂት ደቂቃ ባለአራት ዓይን ሆነች። ልጅቷ አፍንጫዋ ላይ እስክትደርስ ቀርባ ካየቻት በኋላ «በአዲሱ እያየችኝ ነው» አለች። ያን ጊዜ አሮጌዎቹን ቆረጥኳቸው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ዓይን ሁሉ ጥልፍ ነው። አያብረቀርቅም። አንዳንድ ገዢ «እንደ ውጪዎቹ አይደለም» ይለኛል። ልክ ነው፤ አይደለም። ዚፑም የመሳቢያ ምላሱ ወጥቶለት በስፌት የተያዘ ቁራጭ ጨርቅ ተደርጎበታል። የሰፋሁትን ሁሉ ከመስጠቴ በፊት ጆሮውንም ጭራውንም በሙሉ ኃይሌ እጎትታለሁ። እኔን ያልቻለ ሕፃንን አይችልም።

የቀሩት የባዛሩ አምስት ነበሩ። በባዛር ላይ ስም አይመዘገብም። ሦስቱን ሰው በሰው አፈላልጌ አገኘኋቸው። አንዷን አንድ አባት ገዝተው ሲሄዱ ትዝ ይለኛል፤ ቡናማ ካፖርት ለብሰዋል፤ የልጃቸው ስም ሳይሆን «ለልደቷ ነው» ማለታቸው ብቻ ነው በጆሮዬ የቀረው። የሁለተኛዋን ገዢ ጭራሽ አላስታውስም። እነሆ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም የሰው ፊት አላይም፤ የማየው የልጆችን ጀርባ ነው። ግራጫ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ብዙውን ጊዜ ሹራብ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ እርማት ቁጠሩልኝ። በቤታችሁ ወይም በዘመዳችሁ ቤት ከግራጫ ሱፍ የተሰፋች፣ ውስጧ ቢጫ ገበር የሆነ፣ ዓይኖቿ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ የሆኑ አህያ ካለች፣ የእኔ ናት። ልጁ አድጎ ይሆናል፤ ታናሽ ግን ይወለዳል። ቁልፎቹን አውጡና ጣሏቸው። ልጁ «ልታሳውሯት ነው?» ብሎ ካለቀሰ ግን አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ አዲሱን ዓይን ስፉ።