ይለፍ ቃሉ ትክክል ነው

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሁለቱ እህት ኩባንያዎች ከተዋሃዱ ወዲህ ሲጠበቅ የቆየው ሥራ ዛሬ ተጀመረ። የትንሹ ኩባንያ ሠራተኞች ኢሜይል፣ ፋይልና ቲምስ ወደ ትልቁ ኩባንያ የማይክሮሶፍት 365 አካውንት ይዛወራል፤ የኢሜይል አድራሻቸው ግን እንዳለ ይቀጥላል። አንድ ዶሜይን በአንድ ጊዜ በሁለት ድርጅት አካውንት ሥር መመዝገብ ስለማይችል መጀመሪያ ከነበረበት መነሣት አለበት። በዚያ መሐል የአገልግሎት መቋረጥ ስለሚኖር ሰው ቢሮ የማይገባበትን ቅዳሜና እሑድ መረጥን። ማምሻውን የመጀመሪያው የሙከራ መልእክት አዲሱ ሳጥን ውስጥ ገባ። የሰርቨሩ ሥራ ወደ ማለቁ ነው፤ የስልኩ ግን ገና አልተነካም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ የሚመጣው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ «ፓስወርዴን አልቀበል አለኝ።» ያንኑ ይለፍ ቃል በኮምፒውተር ሲያስገቡት ያለችግር ይገባሉ። ስለዚህ ጥፋቱ የይለፍ ቃሉ አይደለም።

ስልክ ላይ ያለው ኦውትሉክ አንድ ጊዜ ከገቡበት በኋላ የተሰጠውን የመግቢያ ፈቃድ ይዞ ይቆያል፤ በየቀኑ ይለፍ ቃል የማይጠይቀን ለዚህ ነው። ያ ፈቃድ ደግሞ የተሰጠው በቀድሞው ድርጅት ስም ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ይዞ አዲሱ በር ላይ እንደቆመ ሰው ማለት ነው። አድራሻው ስላልተለወጠ ባለቤቱም ለውጡን አያየውም፤ ይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ይሞክራል። በተለመደው አሠራር ደግሞ ከ10 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ አካውንቱ ለአንድ ደቂቃ ይቆለፋል፤ ስሕተቱ ከቀጠለ ቆይታው እየረዘመ ይሄዳል።

መፍትሔው አካውንቱን ከኦውትሉክም ከቲምስም ጨርሶ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስገባት ነው። ከማጥፋት በፊት ግን መታየት ያለበት ነገር አለ። ያልተላከ ረቂቅ ካለ ይቀመጥ፤ የደንበኞች ስልክ ቁጥር በዚያው አካውንት ላይ ብቻ ተመዝግቦ እንደሆነ ይጣራ። ለሽያጭ ሠራተኛ የስልክ ቁጥሮቹ እንጀራው ናቸው፤ በችኮላ ልናሳጣው አይገባም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ የገጠመን የማረጋገጫ ኮድ የሚያሳየው አፕ፣ ኦተንቲኬተር ነው። አዲሱ አካውንት ሁለተኛ ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ሁሉም እንደ አዲስ ተመዘገቡ። አሁን በብዙዎች ስልክ ላይ አንድ ዓይነት አድራሻ የያዙ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሁለቱም ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ያሳያሉ። ከላይ ያለው የቀድሞው ስለሆነ ሰው እሱን አንብቦ ያስገባል፤ ኮዱም ውድቅ ይሆናል።

አሮጌውን ወዲያው ለመሰረዝ እጅ ይቸኩላል። እኛ የያዝነው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ በአዲሱ መግባቱ ይረጋገጥ፣ ከዚያ አሮጌው ይሰረዝ። የቀድሞው ድርጅት ስልኩን በስሙ አስመዝግቦት ከሆነም በኦተንቲኬተር ሴቲንግ ውስጥ ያ ምዝገባ መነሣት አለበት።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የመጋዘን ኃላፊያችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው። ትክክለኛውን መስመር እያነበቡ እንኳ ኮዱ አይሠራላቸውም። ስልካቸውን ሳየው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይላል። ጋሼ የጭነት መግቢያና መውጫ የሚመዘግቡት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ሰዓቱን በእጃቸው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰውታል።

ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው፤ በየ30 ሰከንዱም ይለወጣል። ሰርቨሩ ለትንሽ ልዩነት ቢታገሥም ስድስት ሰዓት ማለት 720 ኮድ ወደ ኋላ መቅረት ነው። «ጋሼ፣ ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል ልተውልዎት?» ብላቸው፣ «መዝገቤስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መለስንና የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ፊት ለፊት አስቀመጥንላቸው። ኮዱ ወዲያው ሠራ፤ መዝገባቸውም እንደነበረ ቀጠለ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሐዋሳ ያለችው የሽያጭ ባልደረባችን ማረጋገጫው በኤስ ኤም ኤስ ይላክልኝ ብትል መልእክቱ አይደርሳትም። ከሠራተኞች መዝገብ የተወሰደው ቁጥሯ ከተወችው ቆይቷል፤ የተተወ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። በቪዲዮ ደውለን እሷ መሆኗን ካረጋገጥን በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሠራ ጊዜያዊ የመግቢያ ኮድ ሰጠናት፤ በዚያ ገብታ አዲሱን ቁጥሯን ራሷ አስመዘገበች።

እኔን የሚያሳስበኝ «ይለፍ ቃሌ ይኸው፣ አንተው አስገባልኝ» እያሉ ስልካቸውን የሚያቀብሉት ብዛት ነው። እምነታቸው የሚከበር ነው፤ መቀበል ግን አይገባም። ዛሬ ለአይቲ ሠራተኛ ይለፍ ቃሉን የነገረ ሰው ነገ አይቲ ነኝ ብሎ ለሚደውል አጭበርባሪም ይነግራል። ስልኩ በባለቤቱ እጅ ይሁን፤ እኛ አጠገቡ ቆመን የሚነካውን እናሳየው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ሁሉም ገብተዋል። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። አካውንት ከማዛወራችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ከራሱ ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ አሮጌው አካውንት ከስልክ እንዴት እንደሚወጣ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ቀድማችሁ ስጡ፤ የስልክ ሰዓት አውቶማቲክ መሆኑን እዩ። አልገባ ያለ ሰው ሲመጣም ይለፍ ቃሉን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ በኮምፒውተር ይሞከር፤ እዚያ ከገባ ይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ መታየት ያለበት ስልኩ ነው።