ግመል የሚወጣበት ደረጃ
ትናንት አመሻሽ ላይ፣ በጥንታዊቱ ጅዳ፣ አል በለድ በተባለው ሰፈር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የታነጸውን፣ የሳዑዲ ዐረቢያው ንጉሥ አብዱልአዚዝም በ1925 እ.ኤ.አ. ከተማይቱ በእጃቸው በገባች ጊዜ ያረፉበትን በይት ናሲፍ የተባለውን ቤት እያየሁ፣ ስለ ደረጃው የሚነገረውን አሰላስል ነበር። ግመል ሸክሙን እንደ ተጫነ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣ ዘንድ እርከኑ ሰፊና ዝቅተኛ ሆኖ ተሠርቷል ይባላልና።

የእኔ መኖሪያ ደረጃ ግን እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ጎረቤቴ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወጡ ጀርባዬን ከግድግዳው አጣብቄ አሳልፋቸዋለሁ፤ ሰላምታችንም ሳይፈጸም እንለያያለን። አበው ሊቃውንት የቤተ ክርስቲያንን ቅጥር መግቢያ «ደጀ ሰላም» ብለው መሰየማቸው፣ መተላለፊያም እንደ መድረሻው ሁሉ የራሱ ክብር እንዳለው ስላስተዋሉ ይመስለኛል።