ያልተጠጣ ውኃ

ዳዊት በምሽግ ሳለ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ መጠጣት አማረው። ሦስቱ ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው አመጡለት። እሱ ግን አልጠጣውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው (2ኛ ሳሙ. 23፥15-17)። ይህ ክፍል ስለ ታማኝ ወዳጆች ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እማዬ ወደ ጌታ ከሄደች በኋላ ግን ባነበብኩት ቁጥር የማስበው ሦስቱን ሰዎች ነው። ያን ያህል የደከሙበት ውኃ መሬት ላይ ሲፈስ ምን ተሰማቸው?

እማዬ የጡት ካንሰር ነበረባት። ግራ ጡቷ ከብብቷ ንፍፊቶች ጋር ስለወጣ፣ ክንዷ እንዳያብጥ በዚያ እጅ መርፌ አይወጋ ተብለናል። የቀኝ እጇን ደም ሥሮች ደግሞ ኬሞው ጨርሷቸዋል፤ ሲዳሰሱ እንደ ሲባጎ ጠንክረው ነበር። መብላት ስታቆም አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። አራት ጊዜ ተወጋች። በአምስተኛው ተገኘ ተባለና ግሉኮስ ተሰቀለላት። ግማሹ ሳይገባ መርፌው ከደም ሥሩ ወጣና ፈሳሹ ሥጋዋ ውስጥ ፈሰሰ፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አብጦ ቀዘቀዘ። «ይበቃኛል፣ ቤቴ ውሰዱኝ» አለች።

ቤቷ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ነርስ ትመጣልን ነበር፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ግሉኮስ እንድታደርግላት ለመንኳት። እኛ ዘንድ ጠያቂ ገና ሳይቀመጥ «እህል ቀምሳለች?» ይላል። እናቴን ያለ ውኃ አስተኝቼ ምን ልመልስ?

ሲስተር አመነታች። ሰውነቷ እየተሰናበተ ስለሆነ ፈሳሹን እንደ ጤነኛ ሰው አይጠቀምበትም አለችኝ። በመጨረሻ ለእኔ ስትል ተስማማች። ደም ሥር አልፈለገችም፤ ቀጭን መርፌ ከጭኗ ቆዳ ሥር አስገባች። እንዲህ ሲሰጥ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሰውነት ቀስ ብሎ ይመጠዋል። ቦታው ትንሽ ማበጡ ያለ ነው፤ ከቀላ፣ ከጠነከረ ወይም ካመማት ግን ዝጉና ጥሩኝ አለች። ከረጢቱን መጋረጃው ብረት ላይ ሰቀልነው። ግማሽ ሊትር፣ ሌሊቱን ሙሉ።

እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። በሦስተኛው ሌሊት ጠብታዎቹን ስቆጥር አነሱብኝ። መቆጣጠሪያዋን በአውራ ጣቴ ገፍቼ ከፈትኳት፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ ጭኗ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቀልቶ ነበር። ስነካት አቃሰተች። የሚጠጣውን ሞርፊን በጉንጯ በኩል ጠብ እያደረግን ስንት ቀን ያስታገስነው ሕመም ላይ ሌላ የጨመርኩባት እኔ ነኝ። እግሮቿም አብጠው ነበር፤ ደረቷ ውስጥ ውኃ ሲንተከተክ የመሰለ ድምፅ ጀመረ።

«በእኔ ነው?» አልኳት ሲስተርን።

«የደረቷ ድምፅ በዚህ ሰዓት ግሉኮስ ባይሰጥም ይመጣል፤ ፈሳሽ ሲበዛ ግን ይብሳል። ጭኗ አዎ፣ በአንተ ነው» አለችኝ። ስላልዋሸችኝ ዛሬም አመሰግናታለሁ።

መርፌውን ስትነቅለው ከኅብረታችን አንድ ወንድም ተቆጣ። «እኛ ስለ ፈውስ እየጾምን እናንተ ተስፋ ትቆርጣላችሁ?» አለ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም በልቤ ያንኑ እያልኩ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የታተመ ነው፤ አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ በሆስፒስ የሚታገዙ 129 ከባድ የካንሰር ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ለአንዱ ወገን በቀን 1 ሊትር፣ ለሌላው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ተሰጠ። በድካማቸውም፣ በቅዠታቸውም፣ በቀሪ ዕድሜያቸውም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ያኔ ባውቀው እጄን እሰበስብ ነበር? እንጃ። ያን ከረጢት የሰቀልኩት ለእሷ ብቻ አልነበረም። ለጠያቂው ነበር፤ ለራሴም።

ወገኖቼ፣ ግሉኮስ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በማስታወክ ወይም በተቅማጥ ውኃ ያለቀበትን ሕመምተኛ ሊደግፈው ይችላል። ግን ከመሰቀሉ በፊት ለምን እንደሆነና መቼ እንደሚቆም ጠይቁ። እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ ሄደው ሕመም የሚያስታግሱ ሰዎች በከተማችን አሉ፤ እኛ ስለ እነሱ የሰማነው ዘግይተን ነው።

ሲስተር መርፌውን ከነቀለች በኋላ ጎዝ በውኃ ነክራ ሰጠችኝና የእማዬን ከንፈር እንዴት እንደማረጥብ አሳየችኝ። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሲጠማ ወደ አፉ የቀረበለት ስፖንጅ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከአክስቴ ጋር እየተፈራረቅን ከንፈሯን አረጠብን፣ ቫዝሊን ቀባናት። አንዴ ጎዙን በከንፈሯ ያዝ አድርጋ መጠጠችው፤ ከዚያ ራሷ ለቀቀችው።

በዚያው ከሰዓት አንዲት ጎረቤት መጥተው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ «እህል ቀምሳለች?» አሉ። አክስቴ ቀድማኝ፣ «ከንፈሯን እያረጠብንላት ነው፤ ይምጡ፣ አጠገቧ ይቀመጡ» አለቻቸው።