ያልተመታችው ኳስ

ታዝማኒያ ከአውስትራሊያ ዋና ምድር በስተደቡብ፣ ባስ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ተነጥላ የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሁን እንጂ፣ በውስጧ ያለው የሰሜንና የደቡብ ፉክክር ለአንድ ክፍለ ዓለም የሚበቃ ነው። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ሆባርትን በደቡብ በ1804፣ ሎንሰስተንን በሰሜን በ1806 ቆረቆሩ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ የምድሪቱ ጥንተ ባለቤቶች ግን በዚያው ሳቢያ ከርስታቸው ተነቀሉ። ሁለቱ ከተሞች ከተቆረቆሩ አንሥቶ በማናቸውም ነገር ሲፎካከሩ ኖረዋል። ቢራቸው እንኳ ለየቅል ነው፤ የደቡቡ ሰው የሆባርቱን ካስኬድ፣ የሰሜኑ ሰው የሎንሰስተኑን ቦግስ ይጠጣል። የአንዱን አገር ቢራ በሌላው አገር መጠጥ ቤት ማዘዝ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው።

ከሁለቱ ሌላ ደግሞ ሦስተኛ ወገን አለ። ይኸውም የሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ ሕዝብ ነው። መሬቱ ቀይና ለም፣ ድንችና የወተት ከብት የሚያፈራ ሲሆን፣ ከተሞቹም በባሕሩ ዳር ተሰልፈው የሚታዩ ናቸው። ከነዚህ አንዷ በርኒ በዚያ ዘመን በወረቀት ፋብሪካዋ የታወቀች ነበረች፤ ከእርሷ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ ዋይንያርድ የተባለች ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ሆባርት በምክር ቤቷና በቢሮዎቿ፣ ሎንሰስተን በንግዷ ሲኮሩ፣ የዚህ ጠረፍ ሰው ግን ከሁለቱም ዘንድ የሚገባውን ክብር አላገኘም የሚል ቅሬታ በልቡ ይዞ የኖረ ነው። ቅሬታውን በጥሩ ሁኔታ ሊወጣበት የሚችል አንድ ስፍራ ቢኖር የኳስ ሜዳው ነበር።

ኳሱ ግን በአብዛኛው ዓለም የሚታወቀው እግር ኳስ አይደለም። ሕጉ በ1859 በሜልበርን ከተማ የተጻፈ፣ አውስትራሊያውያን የራሳችን ነው የሚሉት ልዩ ጨዋታ ነው። በሞላላ ሜዳ ላይ በእያንዳንዱ ወገን 18 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ እንቁላል መሰሏን ኳስ በእግርም በእጅም ያንቀሳቅሷታል። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ ሁለቱ ረዣዥሞች በመካከል፣ ሁለቱ አጫጭሮች በግራና በቀኝ። ኳሲቱ በረዣዥሞቹ መካከል ተመትታ ካለፈች ስድስት ነጥብ ታስገኛለች። ከእነርሱ ስታ በረዥሙና በአጭሩ መካከል ብታልፍ ደግሞ ለመቅረቧ ብቻ አንድ ነጥብ ይታሰባል። ቀድሞ ነጭ ካፖርት ይለብስ የነበረው የግብ ዳኛ ከምሰሶዎቹ ሥር ቆሞ፣ ለሙሉው ግብ ሁለት ባንዲራ፣ ለጥቂቱ አንድ ባንዲራ ያውለበልባል። ለሳተ ሰው ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ ምናልባት ከዚህ ሌላ አይገኝ ይሆናል፤ የሰውን ድካም ፈጽሞ ከንቱ አለማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው።

ከሕጎቹ ሁሉ ለዚህ ታሪክ ዋና የሆነው ግን የቀላቢው መብት ነው። ከሩቅ የተለጋችን ኳስ መሬት ሳትነካ በእጁ የቀለበ ተጫዋች፣ ማንም ሳይነካው ወደኋላ አፈግፍጎ፣ አስቦና አልሞ በነጻ ሊመታት ይችላል። ይህን መብት ሰዓት አይሽረውም። የፍጻሜው ሲረን ቢጮኽም ኳሲቱን አስቀድሞ የቀለበ ሰው እስኪመታት ድረስ ጨዋታው አለቀ አይባልም። ሜዳው ይቆማል፤ ሁሉም አንዱን ሰው ይጠብቃል።

በታዝማኒያ ይህ ጨዋታ በአንድ ሊግ አልተጠቃለለም ነበር። ደቡቡ በ1879 የተመሠረተ የራሱ ማኅበር ነበረው፤ ሎንሰስተንና አካባቢው የራሱ፣ ሰሜን ምዕራቡም የራሱ። እያንዳንዱ ክረምቱን ሙሉ በየሰፈሩ ተጫውቶ የየራሱን አሸናፊ ከለየ በኋላ፣ በጸደይ አሸናፊዎቹ ይገናኙና የደሴቲቱ ሻምፒዮን ይታወቃል። በመጀመሪያ ፉክክሩ በደቡብና በሰሜን መካከል ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ሰሜን ምዕራቦች የገቡበት ቆየት ብለው፣ በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ግድም ነው። ስለዚህም የመጨረሻው ግጥሚያ ከዋንጫ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ማን ማንን ንቆ እንደኖረ የሚተሳሰቡበት ቀን ነበር።

የ1967 ዓመት ለደሴቲቱ የጀመረው በእሳት ነው። በዚያ ንፍቀ ክበብ ፌብሩዋሪ በጋ ነው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን ከሰሜን ምዕራብ የነፈሰ ትኩስና ኃይለኛ ነፋስ በሆባርት ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎችና መንደሮች የነበረውን ሰደድ እሳት አንድ ላይ አጋጠመው። በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,000 በላይ ቤቶች ዐመድ ሆኑ፤ 7,000 ያህል ሰዎችም ጣራ አልባ ሆነው ዋሉ። ከላይ ስሙ የተነሣው የካስኬድ ቢራ ፋብሪካም በእሳቱ ተበልቶ፣ ከድንጋይ ግንቡ በቀር የቀረው ጥቂት ነበር። ፋብሪካው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ሥራውን ሲጀምር፣ ለደቡቡ ሕዝብ ነገሩ የቢራ ብቻ አልነበረም፤ ከተማው እንዳልሞተ የሚያሳይ ምልክት ነበር።

በዚህ ሁኔታ ላይ ነው የጨዋታው ዘመን የተከፈተው። ኀዘንተኛ ሕዝብ ወደ ሜዳ ይሄዳልን? ይሄዳል። ከቶውንም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሄዳል። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ከሚያጣቸው ነገሮች አንዱ ነገ ምን እንደሚሆን የማወቅ መደላድል ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በታወቀ ስፍራ፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ሕግ የሚካሄድ ጨዋታ ግን ያን መደላድል በጥቂቱም ቢሆን ይመልስለታል።

ከደቡቡ አሸንፎ የወጣው ሰሜን ሆባርት የተባለው ክለብ ነበር። ቡድኑን ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ የመራው ጆን ዴቫይን፣ በ1963 ከጂሎንግ ክለብ ጋር የቪክቶሪያን ሻምፒዮና ያገኘ፣ በጨዋታ ጠንካራነቱ የታወቀ ሰው ነው። ከሰሜን ምዕራቡ ደግሞ የወጣችው ትንሿ ዋይንያርድ ናት። ግጥሚያው ሴፕቴምበር 30 ቀን በበርኒ ከተማ፣ ዌስት ፓርክ በተባለው ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ። ሜዳው ከባሕሩ ዳር ነው፤ ኳስ የምትመታው ከነፋሱ ጋር እየተመከረ ነው። ለሰሜን ሆባርቶች 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስጉዝ ሲሆን፣ ለዋይንያርዶች ግን የጓሮ ያህል የቀረበ ነበር።

ጨዋታው እንዴት እንደተካሄደ በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም፤ ታሪክም የያዘው መጨረሻውን ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲቃረብ ዋይንያርድ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። በዚያች ሰዓት የሰሜን ሆባርቱ ዴቪድ ኮሊንስ ከግቡ ብዙ ባልራቀ ስፍራ ኳሲቱን ቀለበ። ሲረኑ ጮኸ። በሕጉ መሠረት የቀረው አንድ ምት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ ሒሳቡን ይመልከት። ኮሊንስ ኳሲቱን በረዣዥሞቹ ምሰሶዎች መካከል ቢያሳልፍ ሰሜን ሆባርት በአምስት ነጥብ ያሸንፋል። ጥቂት ስቶ በአጭሩ ምሰሶ ውስጥ ቢያሳልፋት ነጥባቸው እኩል ይሆናል። ፈጽሞ ቢስታት ወይም ከግቡ ሳትደርስ ብትወድቅ ዋይንያርድ የደሴቲቱ ሻምፒዮን ነው። ሦስት ዕጣ በአንድ ሰው እግር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ተውኔት ጸሐፊ ቢፈጥረው ተመልካች “ይህስ ሆን ተብሎ የተገጣጠመ ነው” ብሎ ይጠራጠረው ነበር።

ምቱ ግን አልተመታም። ሲረኑን የሰማው የዋይንያርድ ደጋፊ ሕዝብ አጥሩን ጥሶ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። የቀላቢውን መብት ያላስተዋለ ነበር፤ አስተውሎ ሊያስቀረው የሮጠም አልጠፋ ይሆናል። ከዚያም በግቡ ላይ ተረባርበው ምሰሶዎቹን ነቅለው ጣሉ። ዳኛው ሜዳውን ለማስለቀቅ ቢጥርም የሚሰማው አልተገኘም። ኮሊንስ ኳሲቱን እንደታቀፈ በሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር፤ የሚመታበት ግብ ግን በፊቱ አልነበረም። በመጨረሻም ዳኛው በፖሊስ ታጅቦ ወጣ፤ ተጫዋቾቹም ወደየልብስ መለወጫ ክፍላቸው ገቡ።

ይህን ሕዝብ ወራዳ ወይም አረመኔ ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ድንች ቆፋሪው፣ ከብት አላቢው፣ ባለሱቁ፣ የወረቀት ፋብሪካው ወዛደር ነው። ከሁለቱ ትልልቅ ከተሞች ሲናቅ የኖረ፣ በዚያች ሰዓት የደስታው ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ነው። የግብ ምሰሶ መንቀልም በዚያ ጨዋታ ዓለም የድል አድራጊ ፈንጠዝያ ሆኖ አልፎ አልፎ ይታይ የነበረ ነገር ነው። ጥፋቱ ያለው ከሰዓቱ ላይ ነው። ድሉን ከመድረሱ በፊት አከበሩት፤ በማክበራቸውም ከራሳቸው ልጆች እጅ ነጠቁት። ኮሊንስ ስቶ ቢሆን ኖሮ ዋይንያርድ ማንም ሊከራከረው የማይችል ሻምፒዮን ይሆን ነበር። ምሰሶውን የነቀለው እጅ ያን በር ጭምር ነቅሎ ጣለ። በሜዳ ላይ ሲለፉ የዋሉት 18ቱ የዋይንያርድ ተጫዋቾች ምንም ሳያጠፉ፣ የሚወዳቸው ሕዝብ የማሸነፍ ዕድላቸውን ወሰደባቸው። ፍቅር እንዲህም አድርጎ ይበድላል።

ቀጥሎ የመጣው የዳኝነት ጥያቄ ነው። ዋይንያርዶች “ሰዓቱ አልቋል፣ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ያሸነፍነው እኛ ነን” አሉ። በሰሜን ሆባርት በኩል ደግሞ ያን ያህል ከቀረበ ስፍራ ኮሊንስ አይስትም የሚል እምነት ነበር። ይህ እምነት የሚያስተዛዝን ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ከቅርብ የተሳተ ምት በየሜዳው ሞልቷል፤ ለዚያውም ሕዝብ እየጮኸ፣ የባሕር ነፋስ እየነፈሰ። ዋንጫውን ለዋይንያርድ መስጠት ለነቃዮቹ እጅ መንሻ መስጠት ይሆናል። ለሰሜን ሆባርት መስጠትም ያልተመታን ኳስ እንደተመታ መቁጠር ነው። ግጥሚያው እንደገና ይካሄድ የሚለው ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ዋይንያርዶች ግን ያሸነፉትን ጨዋታ ዳግመኛ ለመጫወት አልተስማሙም። ባለሥልጣኖቹም በመጨረሻ ውጤት የለም ብለው ወሰኑ። ዋንጫው ለማንም ሳይሰጥ ቀረ።

ይህ ፍርድ ብዙ ተተችቷል። ከሁሉ የሚከፋውም በደለኛና ተበዳይን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ነው። ኮሊንስ ሕጉን አክብሮ ቆመ፤ የሰጡት ግን ባዶ እጅ ነው። ይሁን እንጂ ሌላው ፍርድ ሁሉ የልቦለድ ያህል በሆነ ነበር። ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ ከመመዝገብ ይልቅ ባዶ ስፍራን ባዶ ብሎ መተው ድፍረት ይጠይቃል። መዛግብቱን የሚይዙት ሰዎች ይህን ድፍረት አግኝተዋል።

ከዚያ በኋላ ውድድሩ እስከ 1978 ቀጥሎ ቆመ። በ1986 የደሴቲቱ ክለቦች በአንድ ሊግ ተሰባሰቡ፤ ሦስቱ አሮጌ ማኅበሮችም እንደ ቀድሞው አልቀጠሉም። በ2023 ታዝማኒያ በአውስትራሊያ ትልቁ ሊግ የራሷ ክለብ እንዲኖራት ተፈቀደ፤ ስቴዲየሙ የት ይሠራ፣ ማንስ ይክፈል በሚለው ነገር ግን ሰሜኑና ደቡቡ ወዲያው እንደ ልማዳቸው ተከራከሩ።

የደሴቲቱ ሻምፒዮኖች ስም ዝርዝር ዛሬም አለ። በብዙዎቹ ዓመታት ትይዩ የክለብ ስም ሰፍሮበታል፤ በ1967 ትይዩ ግን የማንም ስም የለም።