ለውሻ የሚናዘዙ ሰዎች

እኛ ዘንድ ሰው ሲናዘዝ ቤቱን ለልጁ፣ ከብቱን ለወንድሙ፣ የቀረውን ለነፍሱ ይላል። እንግሊዝ አገር ግን «ከገንዘቤ ይህን ያህሉ ለባተርሲ ውሾች ይሰጥልኝ» ብሎ የሚሞት ሞልቷል። አትሳቁ፤ የምሬን ነው።

ባተርሲ ለንደን ውስጥ ያለ የውሾችና የድመቶች መጠለያ ነው። የመሠረተችው ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት ናት፤ በ1860 እ.ኤ.አ.፣ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር፣ ፈረስ ጋጣ ውስጥ። ያኔ ያልሳቀባት አልነበረም፤ ታይምስ ጋዜጣ ሳይቀር ተሳልቆባታል። «ሰው እየተራበ ለውሻ?» የሚለው ጥያቄ እኛም ሰፈር አይጠፋም። (የሚገርመኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ለሰውም ለውሻም የማይሰጠው ነው።) ደግነቱ ቻርልስ ዲከንስ የሚያዘጋጀው መጽሔት በ1862 ስለ መጠለያው መልካም ጽሑፍ አወጣ። ቲልቢ በ1865 ሞተች። ጎረቤት በጩኸቱ ቢማረር ጊዜ ውሾቹ በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛወሩ፤ በ1885 ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂ ሆነችላቸው።

ገንዘቡስ? የአገሩ ሕግ ለሰጪ ያደላል። ግብር ከፋዩ 1 ፓውንድ ሲለግስ ድርጅቱ ከመንግሥት 25 ሳንቲም ተጨማሪ ይጠይቃል። በኑዛዜ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ሀብት ደግሞ የውርስ ግብር አይነካውም፤ ግብር ከሚከፈልበት ሀብቱ አንድ አሥረኛውን ወይም ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ለወራሾቹ የ40 በመቶውን ግብር ወደ 36 ያወርድላቸዋል። ውሻው በላ፣ ልጆቹም ብዙ አልተጎዱም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዓይኗ የሚያሳዝን ቡችላ ፎቶ ይለጠፍና ገንዘብ ይጎርፋል፤ «ለእሷ ብቻ ይሁን» ከሚል አደራ ጋር። ቡችላዋን እኮ ሰው በሳምንቱ ይወስዳታል! የሚከርመው ጥርሱ የረገፈ፣ እግሩን የሚያነክስ ሽማግሌ ውሻ ነው። አንድ ውሻ መጠለያ ሲገባ አንገቱ ላይ መለያ ቺፕ እንዳለው ይፈተሻል፣ ይመዘናል፣ የትል መድኃኒት ይውጣል፣ ይከተባል፣ እንዳይራባ ይመክናል። ክፍሉ በየማለዳው በበረኪና ይታጠባል። የውኃውን ሒሳብ፣ የመብራቱን፣ የዚያችን ፎጣና መጥረጊያ ይዛ የምታጎነብስ ሠራተኛ ደመወዝ ማን ይክፈል? ለዚህ ፎቶ የለጠፈም፣ አይቶ ያለቀሰም የለም። ሟቾቹ ውለታ የሚውሉት እዚህ ጋ ነው፤ ብዙዎቹ ኑዛዜያቸውን በቅድመ ሁኔታ አያስሩትም።

እንግዲህ እናንተም አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ለመጠለያ ልትሰጡ ካሰባችሁ፣ አንዴ ጠቀም ያለ ሰጥቶ ከመጥፋት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ስትሰጡም «ያስፈለጋችሁ ላይ አውሉት፣ መብራትም ቢሆን» በሏቸው።